ከገንቦው ጀርባ ያለው ዓይን

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ ተሥሎ ያየ ሰው አደራደሩን ያውቀዋል፤ ብዙውን ጊዜ 44 የሚሆኑ ሥዕሎች በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተከፋፍለው፣ እንደ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ በየረድፉ ይነበባሉ። እኔም ከእንጦጦ ግርጌ፣ በቀጨኔ፣ አንዲት አረጋዊት ሸክላ ሠሪ በሠሩልኝ ገንቦ ላይ ይህንኑ ሥርዓት ተከትዬ ሰባት ሥዕሎችን በሆዱ ዙሪያ ደረደርሁ። እሳቸው ግን ገንቦውን ተቀብለው አንድ ጊዜ አዞሩትና «ልጄ፣ ከየት ነው የሚጀምረው?» አሉኝ። መልስ አላገኘሁም፤ ምኒልክን ታቅፋ የምትመለሰው ንግሥት ገና ለጉዞ ከምትነሣው ንግሥት አጠገብ ቆማ ነበር።

ከዚያ በኋላ የጥንት ግሪኮችን የሸክላ ሥዕሎች በፎቶግራፍ አጠናሁ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ570 ገደማ በተሠራውና ዛሬ በፍሎረንስ በሚገኘው የፍራንሷ ማሰሮ ላይ ከ200 በላይ ምስሎች በየመቀነቱ ተሰልፈዋል፤ አንዳንዱ ታሪክ በአንድ ገጽ ብቻ ሲወሰን፣ ወደ ጀግናው ፔሌዎስ ሠርግ የሚሄዱት አማልክት ግን ማሰሮውን ሙሉ በሙሉ ይዞሩታል። ከሁሉ ይልቅ የገረመኝ የፊታቸው ነገር ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል በጎን ሲታዩ፣ የወይን ጠጅ እንስራ የተሸከመው የወይን አምላክ ዲዮኒሶስ ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሷል። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግን ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያየናል፤ አንድ ዓይኑ ብቻ በጎን የሚታየው ክፉው ነው። ገንቦ ደግሞ ክብ በመሆኑ የጻድቁንም ሁለተኛ ዓይን ሲዞር ይሰውረዋል፤ ይህን በጨርቅ ላይ የሚሥል ሰው አስቦት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ በሁለተኛው ገንቦ ላይ ስድስቱን ሥዕሎች ትቼ አንዱን ብቻ፣ የጥማቱን ሌሊት፣ ያዝሁ። ንግሥቲቱ ከሰሎሞን ቤት ያለ ፈቃዱ ምንም ላትወስድ ምላለች፤ ሆኖም የበላችው ቅመም የበዛበት ራት አቃጥሏት በቤቱ መካከል ወደ ተቀመጠው ውሃ እጇን ትዘረጋለች። የውሃ ዕቃ ላይ የውሃ ጥማትን መሣል ተገቢ መስሎ ታየኝ። ነጭ አፈር በጥብጬ፣ ገንቦው ሳይተኮስ፣ እሷን በአንድ ወገን፣ የተኛ መስሎ የሚጠብቃትን ንጉሥ ደግሞ በስተጀርባዋ ሣልሁ፤ ከፊት ለፊት ለሚያይ ሰው ብቻዋን ናት።

ሸክላው ከእሳት ወጥቶ ሲበርድ እኚያው እናት አንሥተው ቀስ ብለው አዞሩት። መጀመሪያ የንጉሡ አንድ ዓይን ብቅ አለ፤ ጥቂት ቆይቶ ሁለተኛው። እጃቸውን እዚያው ላይ አቆሙና «ለካ አልተኛም ነበር!» አሉ።