7 ሊትር ተኩሉ የት ሄደ?

ሐጂ ሲደውሉ በመኪናው አይጀምሩም። እናቴን ይጠይቃሉ፣ ልጆቹን ይጠይቃሉ፣ ኮምቦልቻ ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ጉዳዩ የሚወጣው ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ነው። ያን ቀንም «በል ደህና ዋል» ካሉ በኋላ ነው «መኪናዋ ሐረጎ ዳገት ላይ ግን ታፈላለች ልጄ» ያሉኝ።

ክው አልኩ። ኤን ፒ አሯ፣ ያቺ የጭነት አይሱዙ፣ ከወር በፊት እኔ እጅ ላይ ነበረች። ያኔ ተቀጥሬ በምሠራበት ጋራዥ ኩላንቷን፣ ማለት የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሿን፣ ቀይሬ፣ ደረሰኙ ላይ «ኩላንት 14 ሊትር፣ ሙሉ ቅያሪ» ብዬ በገዛ እጄ ጽፌአለሁ።

«ጋራዥ ያምጧት እንያት» አልኳቸው።

«አይ፣ አንተ ና። እሁድ ነው፣ ቡናም አለ። እዚሁ ግቢ ውስጥ እናፍስሰው።»

እኔ ስለ ማየት ሳወራ እሳቸው ስለ ማፍሰስ ማውራታቸው አላማረኝም።

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን በሐረጎ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። የተጫነ አይሱዙ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣው ራዲያተሩ የደበቀውን በሽታ ሁሉ እዚያ ይናዘዛል። ደሴ ከፍታ ላይ ደግሞ ውሃ 100 ዲግሪን አይጠብቅም፤ ክፍት ከሆነ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። መኪና ውስጥ አፍኖ የሚይዘው ክዳኑ ነው፣ ያ 0.9 የሚል የተጻፈበት። ሚኒባሱ ውስጥ ቁጭ ብዬ «ክዳን ነው፣ ክዳን ነው» እያልኩ ሄድኩ። ክዳን ከሆነ ጎማው ደርቆ ነው፣ የማንም ጥፋት አይደለም። አዲስ ክዳን በኪሴ ይዣለሁ።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ካለው ግቢያቸው ስገባ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው መኪናዋ ላይ አይደለም። ግድግዳው ሥር ሦስት ቢጫ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ታጥበዋል፣ ደርቀዋል። ጎናቸው ላይ በየሊትሩ በከሰል ተሰምሮባቸዋል። ሆዴን ባር ባር አለው።

ሐጂ ጉልበታቸውን የጨረሱት በኤን ትሬ፣ በዚያ በድሮው የፊያት ከባድ መኪና ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ ወርደው፣ በሚሌ አድርገው፣ አሰብ። መንገዱ በ1990 በጦርነቱ እስኪዘጋ ድረስ ያን በረሃ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእንዲህ ያለ ሹፌር የራዲያተር ውሃ ለእኔ ቢጤው የወር ደመወዝ እንደማለት ነው፤ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ስንት እንደቀረ በእንቅልፍ ልቡ ያውቃል። ይሄ ሁሉ ያኔ አልታሰበኝም። የታየኝ ከሰሉ ብቻ ነው።

ሞተሩ ለብ እስኪል ጠበቅን። የሂተሩን ማንሻ ወደ ሙቅ ገፋሁ፣ ክዳኑን ፈታሁ፤ ውሃው እስከ አፉ ሙሉ ነው። ሐጂም አንገታቸውን አስግገው አዩ። (ይቺን ያዙልኝ።) ባለቤታቸው የሊጥ ሳፋ ይዘው ብቅ ሲሉ «አይሆንም እትዬ፣ ይሄ ነገር ጣፋጭ መርዝ ነው» ብዬ መለስኳቸው። በጉም ከአጥሩ ሥር ተፈትቶ ጓሮ እንዲታሰር አደረግኩ፤ ኩላንት የላሰ እንስሳ ኩላሊቱ ነው የሚሄደው። በዚያ ቀን እንደ ባለሙያ የሠራሁት ሥራ ይሄ ብቻ ይመስለኛል።

ከዚያ መኪናዋ ሥር ገብቼ የራዲያተሩን ማፍሰሻ ከፈትኩ። ከወር በፊት የጨመርኩት አረንጓዴ ነበር፣ እንደ በቀለ ሣር ያለ። የወጣው በረካ ነው። አቦል ሳይሆን፣ ቶናም ሳይሆን፣ ጀበናው ሦስቴ ውሃ ከተጨመረበት በኋላ የሚቀዳው ያ ቀጭኑ ቡና።

ሐጂ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጀሪካኑን ይቀያይራሉ። አንዱ ሞላ። ሁለተኛው አንድ መስመር ተኩል ላይ ሲደርስ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ቆመ።

«አለቀ?» አሉ።

«አለቀ።»

«ስድስት ተኩል።»

ዝም አልኩ። ከመኪናዋ ሥር አልወጣሁም፣ እዚያ ይሻለኛል።

«ደረሰኙ ላይ ስንት ነበር የሚለው?»

«አሥራ አራት።»

«እኔ የጨመርኩት አንድ ሃይላንድ ነው፣ እሱንም ከፈላች በኋላ። ሰባት ተኩሉ የት ሄደ?»

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። «ሐጂ፣ ግማሹ ሞተሩ ውስጥ ነው፣ ያኔም አላወጣሁትም፣ አሁንም አላወጣሁትም» ብል ያልቅ ነበር። እኔ ግን ምን አልኩ?

«ተኗል።»

«ተኗል?»

«ሐረጎ ላይ ስታፈላ ጊዜ ... ይተናል እኮ ሐጂ።»

ክዳኑን ስከፍት እስከ አፉ ሙሉ መሆኑን አብረን አይተናል። እንኳን የአሰብ ሹፌር፣ ጓሮ የታሰረው በግም አይበላትም። ሐጂ አልተቆጡም። ቀና ብለው የጦሳን ተራራ አዩ። እንደ ልማዱ አናቱ ላይ ጉም ተኝቷል።

«እንግዲያ» አሉ ረጋ ብለው፣ «ያ ጉም የኔ ነው ማለት ነው።»

ባለቤታቸው ከበሩ ላይ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቢሰድቡኝ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። ዛሬም ደሴ በወጣሁ ቁጥር ጦሳ ላይ ጉም ካለ ጆሮዬ ይግላል፤ ጦሳ ላይ ደግሞ ጉም የማይኖርበት ቀን ጥቂት ነው።

ሥራውን ለሚያውቅ ነገሩ ግልጽ ነው። ራዲያተሩን ብቻ ከፈትክ ማለት ግማሹን አወጣህ ማለት ነው፤ ቀሪው በሲሊንደሮቹ ዙሪያ ተቀምጦ ይስቅብሃል። የሞተሩ ጎን ላይ ለእሱ ተብላ የተሠራች ማፍሰሻ ብሎን አለች። ጋራዥ ውስጥ አለቃዬ «እሷን አትንካት፣ ዝገት ይዟታል፣ ከተቆረጠች ማን ይከፍላል?» ይለን ነበር። እውነትም አለው። ግን ደረሰኙ ሲጻፍ 14 ነው። ከበርሜሉ ያልተቀዳው 7 ሊትር ተኩል ለሚቀጥለው መኪና ይሸጣል፣ የዚያኛውም ለሚቀጥለው። አለቃዬ አሁን የራሱን ሰፊ ጋራዥ ከፍቷል፤ እግዜር ይጨምርለት።

«ጎኑ ላይ ያለችውስ?» አሉ ሐጂ።

ስለ ብሎኗ ያውቃሉ። ከመጀመሪያውም ያውቁ ነበር።

ናፍጣ ቀባሁባት፣ ቡና ተጠጣ። በመዶሻ ዙሪያዋን ቆረቆርኩ፣ እንደገና ናፍጣ፣ እንደገና ቡና። ቁልፉ ሁለቴ ተንሸራቶ የጣቴን መጋጠሚያ ላጠው። በመጨረሻ ጭው ብላ ዞረች፤ ብሎን ስትላቀቅና ስትቆረጥ የምታሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት ስለሆነ ትንፋሼን ይዤ ነው የጠበቅኩት። ወጣች፣ ሙሉዋን።

ቀዳዳው ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለም።

ያኔ የተሰማኝን ደስታ ለመግለጽ አፍራለሁ። «አዩ ሐጂ! ባዶ ነው! አላልኩዎትም?» ብዬ ጮህኩ። ውሸቴ ራሷ መጥታ የመሰከረችልኝ መሰለኝ፤ ለአንድ አፍታ እኔም አመንኳት።

ሐጂ ከጀሪካኖቹ ጀርባ እጃቸውን ሰደው አንድ ሽቦ አወጡ። የአጥር ሽቦ ነው፣ ክንድ የሚያህል፣ ተቆርጦ፣ ጫፉ እንደ ጥፍር ታጥፎ። ጠዋት እኔ ሳልመጣ የተዘጋጀ ነው።

«ጎርጉረው» አሉ።

ጎረጎርኩት። መጀመሪያ እንደ ሸክላ አፈር ያለ ነገር ተቀረፈ። ቀጥሎ የዝገት ጭቃ። ሦስተኛው ላይ ሽቦው ገብቶ ገደል ገባ፣ ከዚያ ሞተሩ የያዘውን ሁሉ በእጅጌዬ በኩል እስከ ብብቴ ለቀቀው። ስሸሽ ጭንቅላቴ ሻንሲው ጋር ተጋጨ። ሐጂ ጀሪካኑን ከታች አስጠግተው፣ አንዲት ጠብታ ሳያስመልጡ፣ ይቆጥራሉ። ሐረጎ ላይ የሚያፈላት ያ ጭቃ ነው፤ ታች ተጋግሮ ውሃው እንዳይዞር ይዞታል። ክዳኑ ደህና ነበር።

በጠቅላላ 12 ሊትር ወጣ።

«የቀረው በየስርቻው ይቀራል ሐጂ፣ ሁሉም አይወጣም» አልኩ። ይሄኛው እውነት ነው፤ ማንኛውንም መካኒክ ጠይቁ።

«ነው ወይስ ተኗል?» አሉ።

በንጹሕ ውሃ አራት ጊዜ አጠብነው። አራተኛው ላይ ጠርቶ ወጣ። ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል በእኩል አድርገን ሞላን፣ አየሩ እስኪወጣ ሞተሩን አስነስተን ጠበቅን። ሲመሽ ልሄድ ስል ገንዘብ ዘረጉልኝ። አልቀበልም አልኩ። «አብሽር፣ ሥራ ነው፣ ያዝ» ብለው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። ስለ ደረሰኙ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በሩ ላይ ስደርስ ጠሩኝ፤ ሽቦውን ረስቻለሁ።

ለእኔ አልተነፈሱም እንጂ ለደሴ ነግረዋል። ከዚያ ወዲህ ከቧንቧ ውሃ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «ሽቦ ይዘሃል?» ይለኛል። አሁን የራሴ ቦታ አለኝ፤ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ከኋላዬ «ሽቦ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሽቦውም አለ። ብሎኗን ሳትፈቱ ኩላንት ቀየርኩ እንዳትሉኝ ብያቸዋለሁ፤ በጀሪካን ለኩ፣ የወጣውን ጻፉ።

ባለፈው ወር አንድ ሹፌር የድርጅት አይሱዙ ጥሎልኝ ሄደ። ብሎኗ ከመዛጓ ብዛት ጠርዟ ተላጦ ክብ ሆናለች፣ ምንም ብናደርግ እምቢ አለች። ደወልኩለት።

«ወንድሜ፣ የወጣው 7 ሊትር ነው። 7 ነው የጨመርኩት፣ ሂሳቡም የ7 ነው» አልኩት። ስናገር ደረቴን ነፋ አድርጌ ነበር።

«ችግር የለም» አለኝ። «ደረሰኙን ግን 14 አድርግልኝ፣ ቢሮ የማስገባው ነው።»

እስክሪብቶውን ይዤ ትንሽ ቆየሁ። በመስኮቱ ወደ ላይ፣ ወደ ሐረጎ አቅጣጫ አየሁ። ከኮምቦልቻ ሆኖ ጦሳ በደንብ አይታይም።

ጻፍኩለት።