ከወርዋሪነት ወደ አሰልጣኝነት

ከዋናው ሊግ በታች ባለው የአሜሪካ የቤዝቦል ማይነር ሊግ፣ ከዋናው ሊግ ሁለት እርከን ዝቅ እስከሚለው ደብል ኤ ደረጃ ደርሼ ለስድስት ዓመታት ኳስ ወርዋሪ ሆኜ ስጫወት፣ ከሁሉ ይበልጥ የተካንሁት ሕመምን በመደበቅ ነበር። አሰልጣኙ ወደ መወርወሪያው ጉብታ መጥቶ "ክንድህ እንዴት ነው?" ሲለኝ፣ ክርኔ እየነደደ እንኳ "ደኅና ነው" እለው ነበር፤ ቦታዬን የሚጠብቁ ብዙ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁና። እናቴ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የምትለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ብሰማም ልብ አላልሁትም።

በመጨረሻ የክርኔ ውስጠኛ ጅማት ተበጠሰ። የተደረገልኝ "ቶሚ ጆን" የሚባለው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ጅማት በክርን አጥንቶች ላይ በተበሱ ቀዳዳዎች አልፎ በተበጠሰው ምትክ ይታሰራል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 እ.ኤ.አ. ይህን ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ያደረጉለት ታዋቂው ወርዋሪ ቶሚ ጆን፣ ወደ ሜዳ ተመልሶ በስሙ 164 ድሎች ተመዝግበውለታል። የእሱን ታሪክ እያሰብሁ አሥራ አራት ወር ታገሥሁ፤ የውርወራዬ ፍጥነት ግን አልተመለሰም።

አሰልጣኝነትን የጀመርሁት በሜሪላንድ፣ 11 እና 12 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ጋር ነው። መጀመሪያ የራሴን አወራወር በሁሉም ላይ ለመጫን ሞከርሁ፤ ረጅምና ቀጭኑም፣ አጭርና ደንዳናውም ልክ እንደ እኔ እግሩን እንዲያነሣ አስገድድ ነበር። ከዚህ የከፋው ስሕተቴ ግን "ደኅና ነኝ" ያለኝን ልጅ ማመኔ ነው። አንድ ቅዳሜ የጎበዙ ወርዋሪያችን ክርን ከ70ኛው ውርወራ በኋላ ዝቅ ማለት፣ ኳሶቹም ከተፈለገው በላይ ከፍ ማለት ጀመሩ። ብጠይቀው የእኔኑ የድሮ መልስ መለሰልኝ። የልጆች ቤዝቦል ድርጅት የሆነው የሊትል ሊግ ደንብ በዚህ ዕድሜ በቀን እስከ 85 ውርወራ ስለሚፈቅድ ተውሁት። በማግስቱ እናቱ ደውለው ክንዱን ማጠፍ እንዳቃተው ነገሩኝ። ልጁ በዕረፍት ቢድንም፣ የዚያን ቀን ድንጋጤ አልረሳውም፤ ምልክቱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ውርወራ በማስታወሻዬ እመዘግባለሁ፤ ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ይልቅ የወርዋሪውን ክርን ከፍታ፣ የሚያርፍበትን እግርና በሁለት ውርወራዎች መካከል የሚወስደውን ጊዜ አስተውላለሁ። እነዚህ ሲለወጡ ወደ ጉብታው ሄጄ፣ ምንም ሳልጠይቅ ኳሱን ለመቀበል እጄን እዘረጋለሁ። አንዳንዱ ልጅ ኳሱን ሲሰጠኝ ያለቅሳል፤ እስኪረጋጋ ድረስ አብሬው እቆማለሁ።