የጥቅምት ውሃ

ጎንደር ያለ አንድ የዲዛይን ቢሮ ለጎርጎራ አካባቢ ሎጅ የነደፈው የጀልባ መቆሚያ ዓመት እንኳ አላገለገለም። ቀያሹ ጣና ዳር የወረደው በጥቅምት፣ ክረምቱ ሐይቁን ሞልቶት ሳለ ነው። ያን ዕለት ያገኘውን የውሃ ዳር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,787 ሜትር ግድም፣ በአንድ ሰማያዊ መስመር አሰመረው። አርክቴክቱም ከመስመሩ ተነስቶ 40 ሜትር ቋሚ የእንጨት መተላለፊያ ወደ ውሃው አስገባ። ጫፉ ላይ 65 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ስላለ፣ ግማሽ ሜትር የምትፈልገው ጀልባ ትጠጋለች ተባለ።

ግንቦት ላይ ውሃው ሜትር ተኩል ወርዶ ተገኘ። ሲሰሙት ትንሽ ነው። ዳርቻው ግን በ60 ሜትር 1 ሜትር ብቻ ስለሚያዘቀዝቅ ውሃው 90 ሜትር ሸሸ። ከመተላለፊያው ጫፍ እስከ ውሃው 50 ሜትር ጭቃ ሆነ፤ ጀልባዋም ለመንሳፈፍ ሌላ 30 ሜትር ርቃ ቆመች። እንግዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ተሻገሩ።

መሐንዲሱ ሊያይ ሲወርድ አጠገቡ የሚያርሱ ሽማግሌ፣ "ልጄ፣ ይሄ እኮ ባሕር ሸሽ ነው፤ ውሃው ሲሄድ ሽምብራ የምንዘራበት" አሉት።

"ስንለካ ማንም አልነገረን፣ አባቴ።"

"ማን ጠየቀን?"

ወቅቱን ማወቅም ብቻውን አይበቃም። ሐይቁ በመስከረም 1991 ዓ.ም. 1,788 ሜትር ደርሶ ነበር፤ በሰኔ 1995 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 1,784.5 ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመዋል። የሦስት ሜትር ተኩል ልዩነት በዚህ ተዳፋት ላይ 210 ሜትር ነው። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ትነቱ ይጨምራል፤ ክረምቱ ይበርታ ይሳሳ ግን የአየር ንብረት ሞዴሎች አይስማሙም። ስለዚህ ንድፉ ለሙላቱም ለጉድለቱም መዘጋጀት አለበት።

ቋሚውን መተላለፊያ ማስረዘም ውድ ነበር፤ ውሃው ሲሞላም ወለሉ ይዋጣል። በምትኩ ተንሳፋፊ ተደረገ። እያንዳንዱ ክፍል 2 በ3 ሜትር ሆኖ ከሥሩ አሥር ባለ 200 ሊትር የፕላስቲክ በርሜሎች አሉት። አንዱ በርሜል 190 ኪሎ ያህል ይሸከማል፤ አሥር ሰውና እንጨቱ ተደምረው ከአንድ ቶን ብዙም ስለማያልፉ ግማሽ ያህል አቅም ይተርፋል። ይህ ትርፍ የሚያስፈልገው ጀልባ ሲመጣ ሁሉም ሰው ወደ አንድ ጎን ስለሚሰበሰብ ነው። ክዳኖቹ በጎማ ካልታሸጉ ውሃ ገብቶ ክፍሉ ያዘነብላል። ውሃው ሲሸሽ ክፍሎቹ እየተፈቱ ወደ ሐይቁ ውስጥ ይገፋሉ፤ ከሥራቸው ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ውሃ መቅረት አለበት። ጭቃ ላይ ከተቀመጡ ጭቃው ይይዛቸዋል፤ ሲጎትቷቸውም በርሜሉ ይሰነጠቃል። መልሕቁ የኮንክሪት ክብደት ነው፤ ሰንሰለቱ የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ይረዝማል። ነፋስ የሚያመጣው እምቦጭ ሰንሰለቱን ስለሚጎትት በየሳምንቱ ይነቀላል።

የሎጁ ጎጆዎች ወለል ከ1991ዱ ሙላት 1 ሜትር ከፍ ብሎ 1,789 ላይ ሆነ፤ ይህም ከጥቅምቱ መስመር 120 ሜትር ወደ ኋላ ማለት ነው። ሴፕቲክ ታንኩ፣ ማለትም የፍሳሽ ማጠራቀሚያው፣ ከዚያም ይርቃል፤ ክረምት የከርሰ ምድር ውሃ ሲነሳ ባዶ ታንክ ከመሬት ይንሳፈፋልና።

ባለቤቱ ለእይታ ብሎ የዳርቻውን ደንገል ሙሉ በሙሉ ሊያስመነጥረው ነበር። ማዕበሉን የሚሰብረውና አፈሩን የሚይዘው ግን ደንገሉ ነው። በደንገሉ መሃል 3 ሜትር ስፋት ያለው የጀልባ መግቢያ ብቻ፣ ማዕበሉ በቀጥታ እንዳይገባ በሰያፍ ተከፍቶ፣ ሌላው እንደነበረ ተተወ።