ሆድ ልናይ ሄደን

ካይሮ የሄድኩት ለአምስት ቀን እረፍት ነው። አንድ ቀን ለፒራሚድ፣ አንድ ቀን ለሙዚየም፣ የቀረውን ቤሊ ዳንስ፣ ማለትም የሆድ ጭፈራ፣ እያየሁ አሳልፋለሁ ብዬ ነበር። እዚያ ስምንት ዓመት የኖረች ጓደኛ አለችኝ፤ አረብኛውን እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ዕቅዴን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ናይል ላይ መርከብ ውስጥ እራት እየበላ የሚያይ ቱሪስት ሞልቷል። አንተን ሌላ ቦታ ነው የምወስድህ» አለች።

መጀመሪያ የወሰደችኝ ሙሐመድ አሊ ጎዳና ነው። ከአታባ አደባባይ ተነስቶ እስከ ሱልጣን ሐሰን መስጊድ ይዘልቃል፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል። ዛሬ ሶፋ፣ ቁምሳጥንና ወርቅ የተቀባ አልጋ ይሸጥበታል። ድሮ ግን የዓዋሊሞች ሰፈር ነበር። አንዷ «ዓልማ» ትባላለች። ቃሉ እኛም ከምናውቀው «ዓሊም» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ያወቀች፣ የተማረች ማለት። ግጥም ታውቃለች፣ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች። ሙሽራ ስትወጣ ሻማ የሚነድበት መቅረዝ ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ ከፊት ከፊት እየጨፈረች የምትሄደው እሷ ነበረች።

በሶፋዎቹ መሐል ኡድ የሚባለውን ባለ አውታር መሣሪያና ከበሮ የሚሸጡ ጥቂት ሱቆች ቀርተዋል። አንዱ ጋ ገባን። ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ጓደኛዬ «ያ ዓም» ትላቸዋለች፣ የእኛው «ጋሼ» መሆኑ ነው። ጠብላ የሚባለውን የሸክላ ከበሮ አውርደው አሳዩኝ። ፊቱ የዓሣ ቆዳ ነው። ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ የቅርፊቱ ምልክት እንኳ ያልጠፋ። ብርድ ሲሆን ድምፁ ይላላል፤ ሙቀት ሲያገኝ ይወጠራል። ሰውዬው ውስጡን በመዳፋቸው አሸት አሸት አድርገው በጣታቸው አንዴ መቱት። ሱቁ ሁሉ ጮኸ።

«ጨፋሪዎች አሁንም አሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» አልኳት። ሰውዬው ፊታቸውን አዞሩ። «እዚህ ሰፈር የቤት ዕቃ ነው ያለው» አሉ። ሻይ መጣ፤ ስኳሩ አይጣል ነው። ብርጭቋችን ሲጋመስ ወደ ውጭ ወጡና ማዶ ያለውን ሰገነት በአገጫቸው አሳዩን። «እዚያ ላይ ነበሩ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ለምን እንደሆነ ጓደኛዬ ነገረችኝ። «የጨፋሪ ልጅ» እዚያ አገር ከባድ ስድብ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል እኛ ጋ ስንት ሰው እንዳሸማቀቀ አስታውሱ። ነገሩ የቆየ ነው። የግብፅ ገዥ የነበረው ሙሐመድ አሊ ፓሻ በ1834 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጨፋሪ ሴቶችን ከካይሮ አባሮ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤስናና ወደ ቄና ልኳቸዋል። የሙያው ሰዎች ተመልሰው የከተሙበት መንገድ ደግሞ በእሱ ስም ይጠራል! በ1926 ባድዒያ ማሳብኒ የምትባል ሴት ካይሮ ውስጥ የሙዚቃና የጭፈራ ቤት ከፈተች። ዛሬ ዓለም ቤሊ ዳንስ ብሎ የሚያውቀው፣ በሚያብለጨልጭ ጡት መያዣና ቀሚስ የሚጨፈረው ነገር መድረክ ላይ መልክ የያዘው በአብዛኛው እዚያ ነው። ዝነኞቹ ጨፋሪዎች ታሂያ ካሪዮካና ሳሚያ ጋማልም ከእሷ ቤት ነው የወጡት። በኋላ ኦፔራ አደባባይ ላይ የከፈተችው ካዚኖ (የምሽት ጭፈራ ቤት ማለት ነው) በ1952ቱ የካይሮ ቃጠሎ ወደመ።

ማታ አጉዛ፣ ናይል ዳር ወዳለው ባሎን ቲያትር ሄድን። ታክሲው ሌላ ቲያትር ቤት አውርዶን ሄደ፤ እየተጨቃጨቅን በሌላ ታክሲ ስንደርስ ትርዒቱ ተጀምሯል። የሬዳ የባህል ጭፈራ ቡድን ነው። ወንዶቹ ረጅም ጀለቢያ ለብሰው ዱላ ያሽከረክራሉ። ሴቶቹ ቀጠን ያለ ከዘራ ይዘው ወጡና ወንዶቹን እያሾፉባቸው ያንኑ ደገሙት። ቀጥሎ ጥቁር ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው የተጠቀለሉ የእስክንድርያ ሴቶች መጡ። ጫፍ ላይ ያለችውን አንዷን ነበር የማያት። ትከሻዋ ድርቅ ብሏል። ዳሌዋ ብቻ፣ ያውም በጣም በትንሹ፣ እንደሚፈላ ውሃ ይንቀጠቀጣል። እኛ ትከሻ ላይ ያለንን ጉድ እነሱ እዚያ አድርገውታል።

«ሆዱስ?» አልኩ። ሁሉም ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ተሸፍነዋል።

«ሆድ ልታይ ነው እንዴ የመጣኸው?» አለችኝ፣ ከፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ እስኪዞሩ ድረስ።

የቡድኑ ብልሃት ግን እዚያ መሸፈኑ ላይ ነው ያለው። በ1959 የጀመሩት ማህሙድ ሬዳ፣ ወንድሙ ዓሊና ጨፋሪዋ ፋሪዳ ፋህሚ ናቸው። ማህሙድ በ1952 ሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ግብፅን በጂምናስቲክ የወከለ ሰው ነው። የፋሪዳ አባት የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ መሐንዲስ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፤ ጨፋሪ መባል ስድብ በሆነበት ከተማ ፕሮፌሰሩ ልጃቸውን መድረክ ላይ አወጡ። ከዚያ በኋላ ሌላው ወላጅ ምን ይበል? በ1961 መንግሥት ቡድኑን የራሱ አደረገው፤ ጨፋሪዎቹም ወር ጠብቀው ደሞዝ የሚበሉ ሆኑ። ማህሙድ አገሩን ዞሮ የገጠሩን ጭፈራ አጥንቷል፤ ያየውን ግን እንዳለ አላቀረበም፣ ለመድረክ አድርጎ ፈጠረው። ሙሐመድ አሊ ጎዳና ለዘመናት ያቆየው የዳሌ ነገር ረጅም ቀሚስ ለብሶ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ የሚያየው ሆነ። ደስ ይላል። ግን ዓዋሊሞቹ ያን ሰገነት ይዘው ቀሩ፤ ክብሩ የደረሰው ለተማሩት ልጆች ነው። ይሄ ነገር ትንሽ ይከነክነኛል።

የደቡብ ግብፅ ሕዝቦች የኑቢያኖቹ ጭፈራ ሲመጣ ጆሮዬ አገሩ የገባ መሰለው። የኑቢያ ዜማ እንደኛው ባለ አምስት ድምፅ ነው። ጓደኛዬ ሳታውቀው ትከሻዋን ጀምራለች። ያኔ የሙዚቃ ደራሲው ሐሊም ኤልዳብህ ትዝ አለኝ። የካይሮ ልጅ ነው። በ1963 አዲስ አበባ ላይ ክራሩን፣ መሰንቆውን፣ ዋሽንቱንና በገናውን አንድ ላይ ሰብስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ነው። እንግዲህ ግብፃዊ ሰው መጥቶ ለእኛ አዝማሪዎች መድረክ ዘረጋላቸው። ስለ አባይ ስንጨቃጨቅ ይሄን የሚያነሳ ሰው አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ እዚያው ሱቅ ተመልሼ ሳጋት ገዛሁ፤ አራት ትንንሽ የነሐስ ጽናጽል፣ በየእጁ አውራ ጣትና መሐል ጣት ላይ የሚታሰር። ስመለስ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን አስከፈተኝ። ጢሙን የተላጨ፣ ኮስታራ ወጣት ነው። ሳጋቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ሁለቱን ጣቱ ላይ አሰራቸው። ታክ፣ ታታክ፣ ታክ። ዝንፍ አላለም። ከኋላዬ የተሰለፈ ሰው ሳቀ። ልጁ ግራ ቀኝ አየና ቶሎ አውልቆ ካልሲዎቼ ሥር ወሸቃቸው።