ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ
ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ደለስ ያለው ርቀት በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ለሄደም ለተመለሰም አንድ ቢሆንም ሰዓቱ ግን አይገጥምም፤ ስሄድ 17 ሰዓት ገደማ የወሰደው ጉዞ ስመለስ 13 ሰዓት እንኳ አልሞላም።

ምሽት ላይ ከቦሌ ተነስተን፣ ሌሊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ ስንበር አድረን፣ ገና ሳይነጋ አየርላንድ ዋና ከተማ ደብሊን አረፍን። መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሳም፤ ነዳጅ ይሞላል፣ የበረራ ሠራተኞች ይቀያየራሉ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት፣ «ደረስን እንዴ ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ለነዳጅ ነው ስላቸው፣ «ታዲያ ከአገራችን ሞልቶ አይነሳም?» አሉኝ። የዚህ ጉዞ ዋና ጉዳይ ያለው እዚሁ ጥያቄ ውስጥ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ስለዚህ መንገደኛና ጭነት የሞላ አውሮፕላን አትላንቲክን የሚያሻግረውን ነዳጅ ሁሉ ይዞ ከቦሌ ለመነሳት ይቸገራል። «እውነትም አገራችን ደጋ ነው» አሉ እማማ፣ ነገሩ ወዲያው ገብቷቸው።

ካርታ ላይ ደብሊን ወደ ሰሜን በጣም የራቀች ትመስላለች። ነገር ግን ምድር ክብ በመሆኗ አጭሩ መስመር ራሱ ወደ ሰሜን ስለሚጎብጥ፣ በደብሊን ማለፉ በመንገዱ ላይ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እኔን በጣም ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ የሚባክነው ርቀቱ ሳይሆን ለማረፍ፣ ለመቅዳትና እንደገና ለመነሳት የሚሄደው ሰዓት ነው።

ከደብሊን በኋላ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ፊት ለፊት ይገጥማል። ደለስ ስንደርስ ጠዋት ነበር፤ በበጋቸው ወራት ሰዓታቸው ከእኛ በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ያን ሁሉ በረን የደረስነው ገና ቀኑ ሲጀምር ነው።

ስመለስ ሁሉም ተገላበጠ። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አውሮፕላኑ የሚበቃውን ነዳጅ ይዞ ተነሳ፤ ነፋሱም ከኋላ ገፋው። ቦሌ ሲደርስ አብዛኛውን ነዳጅ አቃጥሎ ስለሚቀል ከፍታው ለማረፍ አያስቸግረውም።

ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ የሚሠራበት ስፍራ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ይህ ልዩነት አውሮፕላኖች የበለጠ ነዳጅና ጭነት ይዘው እንዲነሱ ያግዛል፤ በተለይ ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ለሚጓዙ አረጋውያን ስል ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ እመኛለሁ።