ሪሞት አውሮፕላን በሳሳ አየር፦ ለአዲስ አበባ ጀማሪዎች

በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው መመሪያ አዲስ አበባን አያውቃትም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ12 በመቶ ገደማ መፍጠን አለበት። ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስላነሰ ጉልበቱ ይቀንሳል።

ስለዚህ ስትገዙ ቀላሉን ምረጡ። ክንፉ ከላይ የተገጠመ፣ የክንፎቹ ጫፍ ትንሽ ቀና ያለ፣ ከፎም የተሠራ፣ ክብደቱ ከባትሪው ጋር ከ1 ኪሎ የማይበልጥ ይሁን። የጦር ጄት የሚመስለው ያምራል፤ ለመማሪያ ግን አይሆንም።

ፕሮፔለሩ 9 በ6 (ዲያሜትሩ 9 ኢንች፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚገፋው 6 ኢንች) ከሆነ 10 በ5 ሞክሩ። በዚህ ከፍታ በሞተሩ ላይ የሚያርፈው ጭነት 9 በ6 በባሕር ጠረፍ ከሚፈጥረው ጋር ይቀራረባል። ነገር ግን ጫፉ መሬት እንዳይነካ እዩ፤ በዋት ሜትርም ለክታችሁ አምፔሩ ከፍጥነት መቆጣጠሪያው አቅም በታች መሆኑን አረጋግጡ።

ሚዛኑን ባትሪው ቦታው ላይ እንዳለ ለኩ። ነጥቡ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደኋላ፣ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ ነው። ስፋቱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ከክንፉ ሥር ግራና ቀኝ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋችሁ በሁለት ጣት አንሱት። አፍንጫው በጥቂቱ ቢያዘነብል ግድ የለም። ጅራቱ ከወረደ ግን አታስነሱት፤ የሪሞቱን መቆጣጠሪያ ዘንግ (ስቲኩን) ነካ ባደረጋችሁ ቁጥር አፍንጫው ሽቅብ ይላል፣ ፍጥነቱ ይሞታል። ባትሪውን ወደፊት መግፋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

መጀመሪያ ሪሞቱ ይከፈታል፣ ስሮትሉ (የሞተሩ ጉልበት መቆጣጠሪያ) ዜሮ ላይ ይሆናል፣ ከዚያ ባትሪው ይሰካል። ሲዘጋ በተቃራኒው ነው። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቆማችሁ ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ አይለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች መሄድ አለበት። ሰርቮው (ይህን ክፍል የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) ተገልብጦ ሲሠራ ሳያዩ ማስነሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ፕሮፔለሩን ፈትታችሁ ሞተሩን በዝግታ እያዞራችሁ ሪሞቱን አጥፉ፤ ሞተሩ ወዲያው ካልቆመ ፌልሴፉ (የሪሞቱ ሲግናል ሲቋረጥ ሞተሩን የሚያቆመው ቅንብር) አልተስተካከለም።

አየር ላይ የሚያደናግረው አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ነው፤ ግራና ቀኝ ይገለበጣል። መላው፦ የወረደውን ክንፍ ለመደገፍ እንደሚፈልግ ሰው ስቲኩን ወደዚያው ወደወረደው ክንፍ ግፉ። እጃችሁ ሳያስብ ይህን እስኪያደርግ ድረስ በሲሙሌተር ተለማመዱ።

ስትዞሩ ክንፉን 30 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብሉ፣ ስቲኩን ወደ መሐል መልሱ፣ ኤሌቬተሩን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጅራት ክፍል) በስሱ ሳቡ። ከፍታ ሳይቀንስ 60 ዲግሪ አዘንብሎ የሚዞር አውሮፕላን ክንፉ እጥፍ ክብደት ይሸከማል፤ እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ፍጥነትም በ41 በመቶ ይጨምራል። በሳሳ አየር ይህ ቅንጦት ነው።

ማሳረፍ ላይ ችግሩ ዓይናችን ነው። አውሮፕላኑ እዚህ በትክክለኛው ፍጥነቱ እየመጣ እንኳ የፈጠነ ይመስላል። ጀማሪው ደንግጦ ስሮትሉን ይዘጋል፣ ኤሌቬተር ይስባል፤ አንዱ ክንፍ ዘጭ ይላል። ስሮትሉን በጥቂቱ ቀንሱ እንጂ አትዝጉ። አወራረዱን በስሮትል፣ አፍንጫውን በኤሌቬተር ተቆጣጠሩ፤ ግማሽ ሜትር ሲቀር ብቻ ስሮትሉን ዘግታችሁ በስሱ ሳቡ። ከዚያ በፊት ግን 50 ሜትር ከፍታ ላይ ሆን ብላችሁ ፍጥነቱን እስከ መውደቂያው አውርዱት፤ ክንፉ ከመክዳቱ በፊት አውሮፕላኑ ለስቲኩ የሚሰጠው ምላሽ እንዴት እንደሚላላ ታያላችሁ።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ቢሆን ይመረጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታል። ጭልፊቶች ካንዣበቡ አሳርፉ። ከኤርፖርት መስመርና ከሰው ራቁ፣ የፈቃዱንም ጉዳይ አስቀድማችሁ ጨርሱ። ባለ 3 ሴል 2,200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በመጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ብቻ ይብረር፤ ወርዶ ካረፈ በኋላ እያንዳንዱ ሴል ከ3.7 ቮልት በታች ከሆነ ጊዜውን አሳጥሩ። ቻርጁ በ2.2 አምፔር ነው፤ ለቀናት የሚቀመጥ ከሆነ በ3.8 ቮልት ይቀመጥ።

ለተሰበረ ፎም የ5 ደቂቃ ኢፖክሲ ይበቃል። ሱፐር ግሉ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘውን ዓይነት ነጭ ፎም ያቀልጣል። ጅራት ላይ የፈሰሰ ማጣበቂያ ሚዛኑን ስለሚያዛባ፣ ከጥገና በኋላ አውሮፕላኑን እንደገና በሁለት ጣት አንሱት።