ያልፈረምኩት ፊርማ

ረቡዕ ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ከቤት ንቅንቅ አላልኩም። የእናቴ አዲሱ የመስሚያ መሣሪያ በዚያ ቀን እንደሚደርስ ተነግሮኝ ስለ ነበር፣ ሥራዬን ሁሉ ወደ ሐሙስ አዛውሬ፣ ወንበሬን ወደ በሩ አስጠግቼ ስጠብቅ ዋልኩ። ከቀኑ 8፡14 ሲሆን ስልኬ ድምፅ አሰማ፤ ዕቃው ለተቀባዩ በእጅ እንደተሰጠና ተቀባዩም እንደፈረመ የሚገልጽ መልእክት ነበር። እኔ ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቄ ተቀምጫለሁ። ማንም አላንኳኳም፤ ደወልም አልተደወለም። በሩን ከፍቼ ኮሪደሩን አየሁ፤ ደረጃውን እስከ ታች ወርጄ ወደ መንገዱ ወጣሁ። የዕቃ መኪናም ሆነ ሰው አልነበረም።

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልፎታል። በዚያው ዕለት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ከስድብ ሌላ የሚወጣኝ አልነበረም፤ አሁን ግን ነገሩን አገላብጬ ስላየሁት ያሳዘነኝ ምን እንደሆነ በትክክል መናገር የምችል ይመስለኛል።

እናቴ አሮጌው መሣሪያዋ ከተበላሸ ወዲህ ሰው ሲያናግራት ከንፈር ከንፈሩን እያየች፣ ያልሰማችውንም የሰማች መስላ ራሷን መነቅነቅ ጀምራ ነበር። ስልክ ማንሳት ትታለች። ማታ ማታ ቤተሰቡ ሲጫወት ቀስ ብላ ተነሥታ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች። አጓጓዡ ድርጅት ዘንድ አንድ ትንሽ ካርቶን የሆነው ዕቃ እኛ ቤት ውስጥ ይህን ያህል ቦታ ነበረው። ሾፌሩ በካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ሊያውቅ አይችልም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። ነገር ግን ካርቶኑን የሚጠብቅ ሰው መኖሩን ያውቃል።

ወደ አጓጓዡ የደንበኞች አገልግሎት ስደውል ያነጋገረችኝ ልጅ በጨዋነት ብትመልስልኝም፣ ያለችኝ ግን ያው አንድ ነገር ነበር። «ወንድሜ፣ ሲስተሙ ላይ ፈርመው እንደተቀበሉ ነው የሚያሳየኝ።» አልፈረምኩም ብዬ ደጋግሜ ነገርኳት። እርሷም ሲስተሙ የሚያሳየውን ደጋግማ ነገረችኝ። ስልኩን ስዘጋ የተሰማኝ ንዴት ብቻ አልነበረም። በገዛ ቤቴ ተቀምጬ ሳለ፣ በማላውቀው ሰው እጅ፣ በስሜ ምስክርነት ተሰጥቶብኝ ነበር፤ የእኔ ቃል ደግሞ ከዚያ ምስክርነት በታች ሆኖ ተመዘነ።

ከዚያ በኋላ ይህ «ሲስተም» የሚባለው ነገር ከምን እንደተሠራ ማየት ጀመርኩ። ሾፌሩ በእጁ በያዘው መሣሪያ የዕቃውን ባርኮድ ሲያነብ ሰዓቱና ያለበት ቦታ አብረው ይመዘገባሉ፤ ቀጥሎ ከተደረደሩት አማራጮች አንዱን ይነካል፦ በእጅ ተሰጥቷል፣ በር ላይ ተቀምጧል፣ ሰው አልተገኘም። ሰዓቱን መሣሪያው ራሱ ይመዘግባል፤ ቦታውንም ከጂፒኤስ ይወስዳል። ዕቃው በማን እጅ ገባ የሚለውን ግን የሚመሰክረው ሾፌሩ ብቻ ነው። ቦታውም ቢሆን ያለ ገደብ የሚታመን አይደለም። ጂፒኤስን የሚያስተዳድረው የአሜሪካ መንግሥት እንደሚገልጸው፣ የስማርት ስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ሥር ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4.9 ሜትር ድረስ ሊስት ይችላል፤ በሕንፃዎች መካከል ሲሆን ደግሞ ስሕተቱ ይጨምራል። እንግዲህ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት በሮችን በዚህ መለየት ከባድ ነው፤ በካርታ ላይ ያለው ነጥብም አንድ ሰው ምድር ቤት ቆሞ ይሁን አራተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቶ አይናገርም። «መኪናው በአካባቢዎ ነበር» የሚለው መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃዬን መቀበሌን ግን አያሳይም።

ስለዚህ በስልክ መከራከሩን ትቼ በጽሑፍ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ ፊርማው ይታየኝ፣ ፎቶ ተነሥቶ ከሆነ ይላክልኝ፣ የተመዘገበበት የቦታ ነጥብም ይነገረኝ። በማግስቱ ፊርማውና ፎቶው መጡ። ፊርማ የተባለው ከግራ ወደ ቀኝ የተሰመረና ጫፉ ላይ ትንሽ የተጠማዘዘ አንድ መስመር ሲሆን፣ ከሥሩ የእኔ ስም በሙሉ ተጽፏል። ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። በሩ ላይ 12 ቁጥር አለ፤ የእኔም በር 12 ነው። ነገር ግን በፎቶው ላይ ያለው በር እጀታው በግራ በኩል ነው፣ ከፊቱም ጥቁር ምንጣፍ ተነጥፏል፤ የእኔ በር እጀታው በቀኝ ነው፣ ምንጣፍም የለውም። የራሴን በር በዚያው አቅጣጫ ፎቶ አንሥቼ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ላክሁ። ከአምስት የስልክ ጥሪ በላይ የሠራችልኝ ይህች አንዲት ፎቶ ናት።

ቅሬታውን ለአጓጓዡ ብቻ ሳይሆን ለሻጩም ጻፍኩ፤ ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። ገንዘብ የከፈልኩት ለሻጩ ነው፤ አጓጓዡን የመረጠውና የቀጠረውም ሻጩ ነው። ብዙ ሰው ከሾፌርና ከአጓጓዥ ጋር ሲሟገት ይሰነብትና ሻጩን የሚያስታውሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሸማቾች መብት መመሪያ፣ ብሪታኒያም በ2015 ያወጣችው የሸማቾች መብት ሕግ፣ ዕቃው በሸማቹ ወይም ሸማቹ በወከለው ሰው እጅ እስኪገባ ድረስ የመጥፋትና የመበላሸት ኪሣራው የሻጩ እንደሆነ ይደነግጋሉ፤ አጓጓዡን ሻጩ ካቀረባቸው አማራጮች ውጭ ሸማቹ ራሱ መርጦ ያመጣው ካልሆነ በቀር። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፤ ሐሳቡ ግን ለሰው ሁሉ የሚገባ ነው። ያልጨበጥኩት ዕቃ የእኔ ኪሣራ ሊሆን አይገባም።

ዕቃው በአምስተኛው ቀን ተገኘ። ከእኛ ጀርባ ባለው ሕንፃ 12 ቁጥር የሚኖሩት ሴትዮ ከጉዞ ሲመለሱ በራቸው ላይ ካርቶኑን አግኝተው፣ ስሙን አንብበው፣ ሰው እየጠየቁ እቤታችን ድረስ ይዘውት መጡ። ካርቶኑ አልተከፈተም። እጅ ነሥቼ ተቀበልኳቸው።

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ቀን በላክሁት ቅሬታ ላይ «ሾፌራችሁ ሌባ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ልጁ አልሰረቀም። ቤት ተሳስቷል፣ ከዚያም ስሕተቱን በሐሰት ፊርማ ሸፍኗል። ሁለቱም ጥፋት ናቸው፣ ስርቆት ግን አይደሉም፤ በዚያች አንዲት ቃል ሰው እንጀራውን ሊያጣ ይችላል። እኔም እንደ እርሱ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ በሰው ስም ላይ ጽፌያለሁ። ያንኑ ዕለት ማታ ሌላ ደብዳቤ ላክሁና ስርቆት ያልኩትን አነሣሁ፤ የሐሰት ፊርማውን ግን እንዳለ ተውኩት።

ልጁን ቅዳሜ አገኘሁት። ለጎረቤት ዕቃ ይዞ ሲመጣ ደረጃው ላይ ተገናኘን፤ ማንነቴን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ጋሼ፣ የዚያን ቀን ከመቶ በላይ ዕቃ ነበረብኝ» አለኝ። «ባንኳኳ ማንም አልከፈተልኝም። ሰው አልተገኘም ብዬ ብመልሰው ነገ በራሴ ነዳጅ ድጋሚ መምጣቴ ነው፤ የሚከፈለኝ ግን ላደረስኩት ብቻ ነው።»

«በእኔ ስም ለምን ፈረምክ ልጄ?» አልኩት።

ዝም ብሎ ቆየና «ሳይፈረም መሣሪያው ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም» አለ።

መልሱ ብዙ አሳሰበኝ። በደረሰ ዕቃ ልክ ብቻ የሚከፈለው፣ መኪናውንና ነዳጁን ራሱ የሚችል፣ ሰው ሳያገኝ ለሚመለስበት ጉዞ ምንም የማያገኝ ሰው፣ እውነቱን በመዘገበ ቁጥር ከኪሱ ይከፍላል። እንዲህ ያለውን አከፋፈል ያወጡት ሰዎች በእኔ ስም በተሰመረችው መስመር ላይ እጃቸው አለበት ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ችግሩን መረዳቴ ፊርማዬን አሳልፌ እንድሰጠው አያደርገኝም። ስልክ ቁጥሬ ካርቶኑ ላይ ታትሞ ነበር፤ ቢደውልልኝ በሁለት ደቂቃ ውስጥ እደርስለት ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። «ልክ ነዎት ጋሼ» አለኝ፤ ከልቡ ይመስለኛል።

ከሐሰቱ ይልቅ ቸልተኝነቱን ይቅር ማለት ይቀለኛል፤ እርሱም ቢሆን ግን ዋጋ አስከፍሎኛል። ባለፈው ዓመት የመስታወት ሽፋን ያለው የንባብ መብራት አዝዤ፣ ያመጣው ሾፌር ካርቶኑን በጎኑ ይዞ መጣ። በካርቶኑ ላይ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶችና የዋንጫ ብርጭቆ ምስል ታትመዋል። እነዚህ ምልክቶች አይኤስኦ 780 በተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተወሰኑና የትኛውንም ቋንቋ የሚናገር ሠራተኛ እንዲረዳቸው የታሰቡ ናቸው፤ ቀስቶቹ ይህ ወገን ወደ ላይ ይሁን፣ ብርጭቆው ደግሞ ተሰባሪ ነው ማለት ናቸው። ሾፌሩ ካርቶኑን ወለሉ ላይ ጣል አድርጎ መሣሪያውን ዘረጋልኝ። በጣቴ ፈረምኩ። እርሱ ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ካርቶኑን ሳነሣው በውስጡ የተሰባበረ መስታወት ሲንኳኳ ሰማሁ።

ለቅሬታዬ የተሰጠኝ መልስ «በጥሩ ሁኔታ ተረክበዋል» የሚል ነበር፤ ጉዳዩን የሚያጠናክርልኝ አንዳች ነገር በእጄ አልነበረኝምና በዚያው ቀረ። በጭነት ዓለም ይህ የቆየ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በጄኔቭ የተፈረመው የዓለም አቀፍ የመንገድ ጭነት ውል ስምምነት እንኳ፣ ተቀባዩ በዓይን የሚታየውን ጉዳት እዚያው ሲረከብ፣ የማይታየውን ደግሞ እሑድና በዓላት ሳይቆጠሩ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ ተቃራኒው እስካልተረጋገጠ ድረስ ዕቃውን በሰነዱ ላይ እንደተገለጸው ሆኖ እንደተቀበለ ይቆጥረዋል። ስምምነቱ ድንበር ተሻጋሪ የመኪና ጭነትን እንጂ የእኔን መብራት አይመለከትም፤ ነገር ግን ፊርማ ምን ያህል እንደሚከብድ ያስተማረኝ እርሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ካርቶኑን ስድስቱንም ወገን ሳላይ አልፈርምም። ጥጉ ከተጨፈለቀ ወይም ከረጠበ ሾፌሩ ቆሞ ሳለ ፎቶ አነሣለሁ፤ መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነም ከፊርማዬ አጠገብ «ካርቶኑ ተጎድቷል» ብዬ እጽፋለሁ። የሚቸኩለው ሾፌር ይከፋዋል፤ ይቅርታ እየጠየቅሁ አደርገዋለሁ።

ዕቃው ሲደርስ ለሾፌሩ የሚነገር የምስጢር ቁጥር ስለሚላክበት አሠራርም አንድ ነገር ልጻፍ፤ ሰው ሲታለልበት አይቻለሁና። ቁጥሩ የፊርማ ምትክ ነው። አንዳንድ ሾፌር ገና መንገድ ላይ ሳለ ይደውልና «ጋሼ፣ ልደርስ ነው፣ ቁጥሩን ቶሎ ይንገሩኝ» ይላል። ምናልባት ጊዜ ለመቆጠብ ብቻ ይሆናል። ቁጥሩ በተነገረበት ቅጽበት ግን ዕቃው እንደደረሰ ይመዘገባል፤ ከዚያ በኋላ ባይመጣ በእጄ የሚቀር ማስረጃ የለም። እኔ «ና ልጄ፣ በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ፣ እዚያው እነግርሃለሁ» እላለሁ። በዚህ የተቆጣኝ ሐቀኛ ሾፌር እስካሁን አልገጠመኝም።

እናቴ መሣሪያውን ካደረገች ሁለት ሳምንት ሆናት። የመጀመሪያው ቀን የቧንቧው ውኃ ጩኸት አስደንግጧት ነበር፤ አሁን ለምዳዋለች፣ ስልክም ታነሣለች። ቅሬታዬ ግን አልተዘጋም። አጓጓዡ ትላንት በላከልኝ ደብዳቤ ዕቃው በእጄ ስለገባ ጉዳዩ እንደተፈጸመ ይቆጠራል ይላል። ዕቃው መግባቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን መዝገባቸው አሁንም ረቡዕ ዕለት ከቀኑ 8፡14 ላይ ፈርሜ እንደተቀበልኩ ይናገራል። ዕቃው በአምስተኛው ቀን በጎረቤት እጅ እንደደረሰኝና ፊርማው የእኔ እንዳልሆነ በመዝገቡ ላይ እንዲስተካከል፣ የሁለቱን በሮች ፎቶ አያይዤ ዛሬ ጠዋት ድጋሚ ጽፌያለሁ። መልስ ካልመጣ ሰኞ እደውላለሁ።